ሥራ ያለው ሰው ለምን ይፈተናል?

አባዬ፣ እንደምን ከረምክ? ጉልበትህስ ተሻለህ?

ባለፈው በስልክ «ይሄን ያህል ዓመት የሠራ ሰው እንደ ተማሪ ምን ያስፈትነዋል?» ብለህ ስትስቅብኝ መስመሩ ተቆራርጦ በቅጡ ሳልመልስልህ ቀረሁ። እስቲ ሰው ለኮምፒውተር ፕሮግራም ሥራ ሲያመለክት እንዴት እንደሚፈተን አሁን ረጋ ብዬ ልንገርህ።

መጀመሪያ ከቅጥር ክፍል አንዱ ይደውልና ስለ ልምድህና ስለ ደሞዝ ያወራሃል። ይሄ ቀላል ነው። ቀጥሎ አንድ የኮድ፣ ማለትም ፕሮግራም የመጻፍ፣ ፈተና አለ። እሱን ካለፍክ አራት አምስት ሰው በየተራ ይቀበልሃል፤ አንዱ ብቻ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይይዝሃል። ማታ ላይ አናቴ ይዞራል።

በቅርቡ የደረሰኝ ጥያቄ አንተ የምትወደው ዓይነት ነው። የቁጥር ዝርዝር ይሰጡሃል፤ ድምራቸው ይሄን ያህል የሚመጣውን ሁለት ቁጥር አውጣ ይሉሃል። ሒሳብ አልዘጋ ሲልህ ጉድለቱን የሚሞሉ ሁለት ደረሰኞች ስትፈልግ ታመሽ የለ? እሱው ነው። ሁሉንም ከሁሉም ጋር ብታስተያይ መልሱ መገኘቱ አይቀርም። ግን 10,000 ቁጥር ካለ ወደ 50 ሚሊዮን ጥንድ ልታይ ነው! ብልሃቱ ያለፍከውን እየመዘገብክ መሄድ ነው። አዲስ ቁጥር ላይ ስትደርስ «ከዚህ ጋር ተደምሮ የተፈለገውን የሚሰጠው ጓደኛው አልፎኛል?» ብለህ መዝገቡን ትጠይቃለህ። ኮምፒውተሩ መዝገቡን ከላይ እስከ ታች አያነብም፤ በቀጥታ ቦታው ላይ ሄዶ ያያል። ዝርዝሩን አንዴ ዞረህ ጨረስክ።

እኔን የሚከብደኝ እያሰቡ ማውራት ነው። ፈታኙ የምጽፈውን እዚያው በራሱ ስክሪን ያየዋል፤ ፊደል ስሰርዝም፣ ግራ ገብቶኝ ስቆምም። አንተ ደግሞ «አስበህ ስትጨርስ ተናገር» እያልክ ነው ያሳደግኸኝ። ዝም ካልኩ ሐሳቤን በምን ይወቅ? ነጥብ የሚሰጠው መልሱ ላይ እንዴት እንደደረስኩ እያየ ነው። ስለዚህ በሬን ዘግቼ ብቻዬን ሳወራ እውላለሁ። የሚሰማኝ ሰው ለየለት ማለቱ አይቀርም።

ደግሞ የእኔ ብቻ አይደለም። በ2020 በፈረንጆች አቆጣጠር የኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲና የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት አለ። ሰው እያያቸው የተፈተኑት፣ ብቻቸውን ከተፈተኑት ውጤታቸው በግማሽ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ፍርሃት ነው ችሎታ የሚለካው? እኔንም ያናድደኛል።

ስለ ጠባይ የሚጠይቁም አሉ። ከባልደረባህ ስትጋጭ ምን አደረግክ ይሉሃል። እዚያ «እኛ ሠራን» አያዋጣም፤ «እኔ ይሄን ሠራሁ» ማለት አለብህ። አፌ እየተያያዘም ቢሆን ለምጄዋለሁ።

ካልተቀበሉኝ ሁለት መስመር ኢሜይል ይልካሉ፤ ምክንያቱን አብዛኞቹ አይነግሩህም። ደካማ ሰው ከሚቀጥሩ ጎበዙ ቢያመልጣቸው የሚመርጡ ብዙ ናቸው። ስለዚህ አንዱ ቢመልሰኝ እንዳታዝን። ብዙዎቹ ጋ ከስድስት ወር ወይ ከዓመት በኋላ ደግሞ መሞከር ይቻላል።

የሚቀጥለው ሐሙስ ጠዋት ነው። ለአክስቴ ገና እንዳትነግራት፣ ከነገርካት አገር ሰማው ማለት ነው። ጠዋት አትደውልልኝ፤ ማታ እኔው እደውላለሁ።

ልጅህ