እማዬ በግራ ዓይኗ ገና አልፈረደችልህም

ሰይዴ፣ እንዴት ነህ? ሦስት ዓመት ጠፍቼ አሁን በ«እንዴት ነህ» መጣሁ። አፉ በለኝ። ስትመጣ የፈለግከውን ትሰድበኛለህ፤ መምጣትህ ግን ግድ ነው።

እማዬ የቀኝ ዓይኗ ሞራ ተነሳላት። «ዓይኔን ቢላ አላስነካም» እያለች ሁለት ዓመት አስለመነችን። ያንተው ሰዓሊ ሞኔም በፈረንጅ 1912 ሞራ እንዳለበት ተነግሮት፣ ፈርቶ ፈርቶ የተሠራው በ1923 ነው ብላት፣ «ታዲያ ፈረንጅ ሰው አይደል?» አለች። ሻሹ በተነሳ ማግስት ነጠላዋን እያገላበጠች «ይሄን ማን በረኪና ነከረው?» አትለኝም!

ሳላስተምርህ አላልፍም፣ ቻለው። የዓይናችን ሌንስ ከዕድሜ ጋር ቢጫ እየሆነ፣ ሞገዱ አጭር የሆነውን ሰማያዊ ብርሃን ይውጠዋል። ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ባለቤቱ አይታወቀውም። በሰው ሠራሽ ሌንስ ሲተካ ሰማያዊው ባንዴ ይገባል። አሁን ቡና ላይ አንዱን ዓይኗን በመዳፏ እየከደነች ሲኒውን ታያለች፤ በግራ ሻይ፣ በቀኝ ወተት። አቦሉ በረደ ብንላት አትሰማም።

እና... እንዴት ልበልህ። ያ የሐይቅ ሥዕልህ። ፒያሳ ሰው ሁሉ እየሰማ «ውሃውን አደፈረስከው፣ ብርሃን እንዲህ አይሠራም» ያልኩህ፣ አፉ የኔ ቢሆንም ፍርዱ የእማዬ ነበር። እኔማ ሰማያዊውን አይቼዋለሁ፣ ወላሂ! ግን ሐይቁ ያለበት ተሁለደሬ ተወልዳ ያደገች ሰው «የኔ ሐይቅ ጭቃ አይደለም» ስትለኝ የገዛ ዓይኔን ትቼ ፊዚክስ ለጠፍኩበት። ሥዕሉም እስካሁን ቁም ሳጥን ኋላ ነበር። ይኸው ተናዘዝኩ።

ቅዳሜ አውጥቼ አቆምኩላት። በቀኟ አየችው። ዝም። ቀኙን ከድና በግራዋ አየችው። ደግሞ ቀየረች። «ልጁ ሐይቄን ነው የሳለው... በዚህኛው» አለች። በግራው ዛሬም ጭቃ ነው፣ አትኩራ።

ግራው ከሦስት ሳምንት በኋላ ይሠራል። ከዚያ ወዲያ ያንን ሻይማ ሐይቅ የሚያየው የለም። እኔ የሞገዱን ርዝመት ብነግርህ እንጂ እሷ የምታየውን መለኪያ የለኝም። አንተ ግን ዳር ላይ ተቀምጠህ ትስላለህ፤ እሷ ሐይቁን በግራዋ፣ ሸራህን በቀኟ እያየች፣ እኩል እስኪሆኑላት «ጨምር፣ ቀንስ» ትልሃለች። ትጨቀጭቅሃለች፣ አብሽር።

ከደሴ በሚኒባስ እንሄዳለን፣ ሒሳቡ በኔ። ቢጫ አብዝተህ ያዝ።