የቅሬታ ደብዳቤ፦ በርበሬውን እኔ ልፍጭ፣ ዳታውን ግን አሳዩኝ

መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማስታወቂያ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ቃል ተገብቶልኝ ስላልተፈጸመው የፌስቡክ ማስታወቂያና በእጃችሁ ስላለው የደንበኞቼ የስልክ ዝርዝር ቅሬታ ማቅረብን ይመለከታል

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ለባልትና ሱቄ የፌስቡክ ማስታወቂያ እንድታወጡልኝ የተስማማንበት ነገር፣ የከፈልኩት ገንዘብና በቴሌግራም የተጻጻፍነው ሁሉ በእናንተም እጅ ስላለ ከመጀመሪያው አልተርክም። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ ማክሰኞ መጋቢት 2 ቀን ቢሮአችሁ ውስጥ የገጠመኝ ነው፤ እሱ ባይሆን ኖሮ እንደ ሌላው ጊዜ ስልክ ደውዬ፣ “እናየዋለን” ተብዬ፣ ዝም ብዬ በተቀመጥኩ ነበር።

በዚያ ዕለት ሱቄን ዘግቼ፣ ከቱሉ ዲምቱ ሁለት ታክሲ ቀያይሬ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮአችሁ ደረስኩ። የእኔን ሥራ የያዘው ባልደረባችሁ ስብሰባ ላይ ነው ስለተባልኩ እስከ 5 ሰዓት ተቀምጬ ጠበቅሁ። በመጨረሻ ወጣና ቁጭ በይ ሳይል፣ እሱም ሳይቀመጥ፣ በሩ ላይ ቆሞ አነጋገረኝ። የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማስታወቂያዬ ለማንና የት ላለ ሰው እንደታየ የማስታወቂያ አካውንቱን ከፍቶ እንዲያሳየኝ። እሱም ስልኩን አውጥቶ ቀደም ሲል በቴሌግራም የላከልኝን ያንኑ ስክሪንሹት መልሶ አሳየኝ። ከላይም ከታችም ተቆርጦ “ሪች” (የደረሰው ሰው ብዛት) የሚል ቃልና 61,400 የሚል ቁጥር ብቻ የቀረበት ምስል ነው። “ይህን ያህል ሰው አይቶታል፤ ሌላ ምን ይፈልጋሉ?” አለኝ። እኔም ከ61,400ው ስንቱ ቱሉ ዲምቱ፣ ስንቱ ኮዬ ፈጬ፣ ስንቱስ ቂሊንጦና ገላን እንደሚኖር ጠየቅኩት። የመለሰልኝን ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፦ “እማማ፣ ይሄ የዳታ ጉዳይ ነው፤ ቢያዩትም አይገባዎትም። እርስዎ በርበሬውን ይፍጩ፣ ዳታውን ለእኛ ይተዉት።” ብሎም ሳቀ። እንግዳ መቀበያው ላይ የነበረችው ልጅ አንገቷን ደፋች፤ እሷ እንዳፈረች ስላየሁ አንድም ቃል ሳልመልስ ወጣሁ።

“እማማ” ማለቱን አልተቀየምኩም፤ ዕድሜዬም ይፈቅዳል። “አይገባዎትም” ማለቱን ግን እስከ ዛሬ ልውጠው አልቻልኩም። ባልትና ከመክፈቴ በፊት 27 ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ መቶኛ ማስላት የሚያቅተኝ አይደለሁም። በርበሬም ቢሆን እንዲሁ አይፈጭም። ስንት ኪሎ ዛላ ተቀንጥሶ ስንት ኪሎ ዱቄት እንደወጣ፣ የትኛው ቤት ምጥን ሽሮ የትኛው ነጭ ሽሮ እንደሚወስድ፣ ማን በየወሩ ማን ለበዓል ብቻ እንደሚመጣ ደብተሬ ላይ ሰፍሯል። እናንተ ዳታ የምትሉትን እኔ ደብተር ስለው ኖሬአለሁ።

አሁን ወደ ቃሉ ልመለስ። ጥር 28 ቀን ይኸው ባልደረባችሁ በቴሌግራም “ከሱቅዎ ዙሪያ 5 ኪሎ ሜትር ውስጥ ላሉ ሰዎች ብቻ ነው የሚታየው” ብሎ ጽፎልኛል። የእኔ ንግድ የሰፈር ንግድ ነው፤ የሚያደርስልኝ ልጅ በብስክሌት ነው የሚሄደው፣ ራቅ ካለም ባጃጅ ይዞ ነው። ማስታወቂያው ከየካቲት 3 እስከ 16 ቀን እንዲወጣ የተስማማነውም ያለ ምክንያት አይደለም። ዓቢይ ጾም የካቲት 17 ቀን ስለሚገባ፣ የሰፈሩ ሰው ሽሮውንና በርበሬውን የሚሞላው ያን ጊዜ ነው። ያ ሳምንት አንዴ ካለፈ ሰው ቋቱን ሞልቶ ተቀምጧልና ማስታወቂያ ቢወጣ ባይወጣ ለውጥ የለውም። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት የመጣልኝ መልእክት ከጎንደር፣ ከሐዋሳ፣ አልፎም ከጅዳ ነበር። የጅዳዋ እህት በድምፅ “እህቴ፣ በሰው ትልኪልኛለሽ?” ብላ ስትለምነኝ፣ መንገድ እንደሌለኝ ለመንገር እንኳ አፈርኩ። ከአካባቢው የመጡት ሦስት ሰዎች ብቻ ሲሆኑ፣ ከሦስቱም አንዷ የእኔው ብሎክ ጎረቤቴ ነች፤ እሷ ደግሞ ማስታወቂያ ሳታይም ትገዛኛለች።

ይህን ለባልደረባችሁ ስነግረው ፌስቡክ ራሱ እንደመረጠውና በቦታ ከፋፍሎ ማሳየት እንደማይቻል ነገረኝ። የእህቴ ልጅ ግን ከሥራ መልስ ቁጭ ብላ አድስ ማናጀር የሚባለውን የፌስቡክ ማስታወቂያ መቆጣጠሪያ በራሷ ገጽ ከፍታ አሳየችኝ። ካርታው ላይ ነጥብ ተተክሎ ዙሪያው በኪሎ ሜትር ይወሰናል፤ ሪፖርቱም በክልል፣ በዕድሜና በጾታ ተከፋፍሎ ይወጣል። ከሁሉ በላይ የገረመኝ ደግሞ፣ ማስታወቂያው ሲሠራ “ግቡ ምንድን ነው?” ተብሎ እንደሚጠየቅና ሥርዓቱ የተመረጠለትን ግብ ተከትሎ ሰው እንደሚፈልግ ማወቄ ነው። ብዙ ሰው እንዲያየው ከተባለ በርካሽ የሚያይ ሰው ይፈልጋል፤ መልእክት የሚልክ ሰው ከተባለ ደግሞ መልእክት የመላክ ልማድ ያለውን ይፈልጋል። ስለዚህ 61,400 ማለት ለእናንተ የሚያምር ቁጥር ይሁን እንጂ ለእኔ ግን አንድ ኪሎ ሽሮ አልሸጠልኝም። የተመረጠው ግብ የትኛው እንደነበረም እስከ ዛሬ አልተነገረኝም።

ከዚህ የባሰው የደንበኞቼ ዝርዝር ነው። የ412 ሰዎችን ስም ከነስልካቸው ከደብተሬ ላይ አስገልብጬ የሰጠኋችሁ፣ “ፌስቡክ ላይ ይጫንና እነሱን የሚመስሉ ሌሎች ሰዎች ይፈለጋሉ” ስለተባልኩ ነው። አሠራሩ እንዳለ ተረድቻለሁ፤ ለዚህ ከአንድ አገር ቢያንስ 100 ሰው ስለሚበቃ የእኔ ዝርዝር አላነሰም። ነገር ግን ስልኮቹ የተጻፉት በ09 ሲሆን፣ የአገሩ መለያ 251 ካልገባበት ከፌስቡክ ተጠቃሚ ጋር በትክክል ላይገናኝ እንደሚችል ማንም አልነገረኝም፤ ስንቱ እንደተገናኘ ብጠይቅም መልስ አላገኘሁም። የተጫነውም በእናንተ አካውንት ላይ ነው፤ እኔ ስላልገባሁበት ዛሬ ብንለያይ ዝርዝሩም፣ ከእሱ የተሠራው ታዳሚም (ማስታወቂያ እንዲታያቸው የተመረጡት ሰዎች ስብስብ) እናንተ ዘንድ ይቀራል። ሥራው እንዳለቀ ይጠፋል ተብዬ ነበር፤ ለመጥፋቱ ያየሁት ነገር የለም።

እነዚያ ሰዎች ስልካቸውን የሰጡኝ አዲስ ሽሮ ሲፈጭ እንድደውልላቸው እንጂ ለሌላ ሰው እንዳቀብለው አልነበረም። ሳላስፈቅዳቸው መስጠቴ የእኔ ጥፋት ነው፤ ለደንበኞቼ እየነገርኩ ይቅርታ በመጠየቅ ላይ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ግን ሁለት ደንበኞቼ፣ ስሙን ሰምተውት ከማያውቁት ሌላ ባልትና “ቱሉ ዲምቱ ለምትኖሩ” የሚል አጭር መልእክት በስልካቸው እንደደረሳቸው ነገሩኝ። በማስረጃ ያልያዝኩትን ነገር በእናንተ ላይ አልለጥፍም፤ ነገር ግን ዝርዝሩ ከእናንተ ሌላ በማን እጅ እንደገባ፣ ወይም እንዳልገባ፣ በጽሑፍ እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ።

ትንንሽ ናቸው ብዬ የተውኳቸውም አሉ፤ አሁን ግን መተው ከበደኝ። የማረቆ በርበሬዬን እቤቴ ድረስ መጥታችሁ ፎቶ እንደምታነሱ ነግራችሁኝ፣ ያወጣችሁት ከኢንተርኔት የተወሰደ የውጭ አገር ሚጥሚጣ መሰል ዱቄት ነው። ደንበኛዬ አይታ “ይሄማ ያንቺ አይደለም” ብላኛለች። የሱቄን ስም አንድ ፊደል ገድፋችሁ ጽፋችኋል፤ ሲታረም 4 ቀን ፈጅቷል። በየዓርቡ ይላካል የተባለው ሪፖርት አንዱ ሰኞ መጣ፣ ሌላው አልመጣም። የፌስቡክ አካውንቴን የይለፍ ቃል ተቀበላችሁኝ፤ ያለ ይለፍ ቃል የገጼን ፈቃድ ብቻ መስጠት እንደሚቻል ያወቅሁት በኋላ ነው። ለፌስቡክ የሚከፈለው በዶላር ስለሆነ ብር መመንዘሩ ይገባኛል፤ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህም ዋጋው እንደሚለዋወጥ አውቃለሁ። ሆኖም የከፈልኩት 12,000 ብር በየትኛው ቀን፣ በስንት ተመንዝሮ፣ ስንት ዶላር እንደሆነ የሚያሳይ ወረቀት አልተሰጠኝም። ለአገልግሎት የከፈልኩት 6,000 ብርም እስከ ዛሬ ደረሰኝ አልተቆረጠለትም።

ደብዳቤውን ስጀምር የፈለግሁት ይቅርታ ብቻ ነበር። ይህን ሁሉ ጽፌ ሳየው ግን ይቅርታ ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ የማስታወቂያ አካውንቱን ማየት የሚያስችል ፈቃድ እንዲሰጠኝና የሁለቱ ሳምንታት ወጪ በቦታ ተከፋፍሎ እንዲታየኝ፤ የ412ቱ ሰዎች ዝርዝርና ከእሱ የተሠራው ታዳሚ ከአካውንቱም፣ ከሠራተኞቻችሁ ስልክና ኮምፒውተርም ጠፍቶ ይኸው በድርጅቱ ማኅተም እንዲረጋገጥልኝ እጠይቃለሁ። ከተባለው 5 ኪሎ ሜትር ውጭ የወጣው ገንዘብ ተመላሽ ይሁንልኝ፤ የተባለው ሥራ ስላልተሠራ የአገልግሎቱ 6,000 ብርም እንዲሁ። ባልደረባችሁም ለተናገረው ነገር በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ይቅርታ ይጠይቀኝ።

እስከ መጋቢት 15 ቀን መልስ ካላገኘሁ የዝርዝሩን ጉዳይ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን፣ የገንዘቡን ጉዳይ ደግሞ ለፍርድ ቤት አቀርባለሁ። በቴሌግራም የተጻጻፍነውን አሳትሜ፣ የቴሌብር ክፍያውን ማረጋገጫ ጨምሬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። አካውንቱን ለማሳየት የሚመጣ ሰው ካላችሁ ከሐሙስ በስተቀር ሁልጊዜ ሱቅ ነኝ፤ ሐሙስ ወፍጮ ቤት እውላለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የባልትና ሱቅ ባለቤት
ቱሉ ዲምቱ