የወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ንባብ ቤት ጣሪያ ወድቋል፤ ድረሱልን

ለአስኮ አካባቢ ነዋሪዎችና በሩቅ ላላችሁ ልጆቻችን በሙሉ፤

ባለፈው ሳምንት ሌሊት የወረደው በረዶና ነፋስ የንባብ ቤታችንን ጣሪያ ገንጥሎ ጥሎታል። ሰው አልተጎዳም፤ ፈጣሪ ይመስገን። መጻሕፍቱን እናቶች በጋቢና በነጠላ እየሸፈኑ ወደ እድሩ ዕቃ ቤት አሽሽተዋል፤ ብዙው ግን ርሷል።

ስንት ጊዜ እጃችንን እንደዘረጋንባችሁ እናውቃለን። ለመሠረቱ ሰጥታችኋል፤ ለግድግዳው ሰጥታችኋል። «ያ ሁሉ ገንዘብ የት ገባ?» ለምትሉን፣ መሬቱ ጥቁር አፈር ስለሆነ ብዙው የገባው ከመሠረቱ ድንጋይ ነው። በዚያ ቆጥበን ቢሆን ዛሬ ግድግዳውም ባልቆመ ነበር። ጣሪያውን በአጣና ያዋቀርነው ለብረት የሚበቃ ስላጣን ነው። ደረሰኙ ሁሉ በእድሩ ጽሕፈት ቤት አለ፤ መጥታችሁ እዩት።

«ለምን በፓርላማ ሰው ስም?» ያሉንም አሉ። ወይዘሮ ስንዱ በ1908 ዓ.ም. የተወለዱት በደጃችን የሚያልፈው የአምቦ መንገድ በሚያደርሰው አዲስ ዓለም ነው። ስዊዘርላንድ ተምረው ተመለሱ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ተማርከው በኢጣልያ ወዳለው አዚናራ ደሴት ተጋዙ። ከነጻነት በኋላ በደሴ አስተማሩ፤ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትንም መሩ። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ምርጫ ሲፈቅድ ተወዳድረው፣ በ1950 ዓ.ም. የሕግ መምሪያ ምክር ቤት የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ፤ እስከ ምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንትነትም ደረሱ። ወደ ምክር ቤት የሄዱት ከመማሪያ ክፍል ተነሥተው ነው። እኛም ስማቸውን የመረጥነው ለዚሁ ነው።

ሴት ልጆቻችን ውኃ ቀድተው፣ ወጥ ሠርተው፣ ታናናሾቻቸውን አስተኝተው የሚያጠኑባት አንዲት ክፍል ይህች ነበረች። አሁን የሚቀመጡት በሱቅ በረንዳ መብራት ሥር ነው። ክረምቱም ገና አልወጣም።

ከአስራቱ የተረፈውን ያመጣ፣ ሰደቃ ብሎ የሰጠ፣ የቀን ሥራውን ትቶ ድንጋይ የተሸከመ ጎረቤት አለን። ዛሬም የምንለምነው ይህንኑ ነው፤ ብረት፣ ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ የአንድ ቀን ጉልበት።

ገንዘብ የሚገባው በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ በንባብ ቤቱ ኮሚቴ ስም በተከፈተው ሒሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ በእድሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተለጥፏል። ወጪ የሚደረገው በሦስት ሰዎች ፊርማ ነው። በእጅ ለማንም አትስጡ፤ ኮሚቴ ነኝ ለሚላችሁም ቢሆን። አደራችሁን፣ ከመላካችሁ በፊት በበሩ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አስተያዩ፤ የባንኩን ወረቀት ስታመጡም ደረሰኛችሁን ሳትቀበሉ አትሂዱ። ጽሕፈት ቤቱ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ክፍት ነው።

የንባብ ቤቱ አሠሪ ኮሚቴ