የኬሚስትሪ ክበብ ዘገባ፦ ኤሌክትሮኑን ማን ወሰደው?

ዘንድሮ ክበባችን በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ከረመ። ጥያቄውን ያመጣችው አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። «ቲቸር፣ ነዳጅ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። መልሶ ነዳጅ ማድረግ አይቻልም?»

በኤሌክትሪክ ይቻላል። ጃፓናዊው ዮሺዮ ሆሪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መዳብ ይህን ጋዝ ሚቴንና ኢትሊን ወደተባሉ ተቀጣጣይ ጋዞች እንደሚቀይር አሳይቷል። እኛን የሳበን ግን ምንም ዓይነት ብረት (መዳብን ጨምሮ) የሌለበት ካታሊስት፣ ማለትም ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ነገር ነው፤ ካርቦን ብቻውን ይህን ሥራ ይችላል ወይ የሚለው።

ካርቦን ደግሞ በእጃችን አለ፤ የመጻፊያ እርሳስ ልቡ ካርቦን ነው። ሁለት እርሳስ በሁለቱም ጫፍ ቀረጽን። ከ9 ቮልት ባትሪ ጋር አገናኝተን ቤኪንግ ሶዳ የሟሟበት ውሃ ውስጥ ነከርናቸው። ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ ቀላቅለን ያገኘነውን ጋዝም በቱቦ አስገባንበት። ወዲያው በኔጋቲቩ እርሳስ ላይ አረፋ ተንቸፈቸፈ። ልጆቹ «ነዳጅ!» ብለው ጮኹ። አረፋውን በተደፋ የሙከራ ቱቦ አጠራቅመን ክብሪት አስጠጋሁበት። ጧ! ሃይድሮጅን ነበር።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ለእኔ የዓመቱ ምርጥ ደቂቃ ያቺ ናት። ተመራማሪዎቹንም የሚያስቸግራቸው ይኸው ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ነዳጅ የሚያደርገውን ኤሌክትሮን ውሃው ይሻማል። አንድ የሃይድሮጅን ሞለኪውል ለመፈጠር 2 ኤሌክትሮን ይበቃዋል። አንድ የኢታኖል (የአልኮል) ሞለኪውል 12 ይፈልጋል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱም ቢሆን በክፍል ሙቀት አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የሚሟሟው 1.5 ግራም ገደማ ነው።

ንጹህ ካርቦን ጋዙን ይዞ ማቆየት አይሆንለትም። መላው ጥቂቱን ካርቦን በናይትሮጅን መተካት ነው። ከፕላስቲሲንና ከስንጥር የማር እንጀራ የመሰለ ግራፊን፣ ማለትም የአንድ አቶም ውፍረት ያለው የካርቦን ንጣፍ ሞዴል ሠራን። ጫፉ ላይ ሰማያዊ ናይትሮጅኖች ሰካን። ናይትሮጅን ኤሌክትሮን ስለሚስብ የጎረቤቶቹን ቻርጅ ያዛባል፤ ጋዙም መጣበቂያ ቦታ ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የራይስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥቂት ናኖሜትር (የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) ስፋት ባላቸው እንዲህ ባሉ የግራፊን ነጠብጣቦች ኢትሊንና ኢታኖል አግኝተዋል።

አንድ ዝምተኛ ልጅ «ግን በእርግጥ ብረት የለበትም?» አለ። በጣም ደስ አለኝ። የእነዚህ ነጠብጣቦች መነሻ የሆነው ግራፊን ኦክሳይድ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በፖታሲየም ፐርማንጋኔት ስለሆነ ማንጋኒዝ የተባለው ብረት ቅንጣት ሊቀርበት ይችላል። ሥራውን የሠራው ካርቦኑ ነው ወይስ ያቺ ቅንጣት? ሁለት ስብሰባ ሙሉ ተከራከርንበት።

በሚቀጥለው ዓመት የሃይድሮጅኑን መጠን እንለካለን። ባትሪው ከሰጠው ኤሌክትሮን ስንቱ ወደዚያ እንደሄደም እናሰላለን። ሁለት የ10ኛ ክፍል ልጆች ስሌቱን ከአሁኑ ጀምረውታል።