ይድረስ ለአባባ፣ ደብረ ብርሃን

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ብርዱስ ጉልበትዎን አላስቸገረዎትም? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ማታ ማታ ቤት የሚሰበሰቡትን የ12ኛ ክፍል ልጆች እንግሊዝኛ እንዴት ልያዛቸው ብለው ጠይቀውኛል። እዚህ ኮሪያ የማስጠናቸው ልጆች የሚርዱለት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሱኑንግ ይባላል፤ ህዳር መግቢያ ላይ በአንድ ሐሙስ ከጠዋት ጀምሮ ሲፈተኑ ይውላሉ። የእንግሊዝኛው ማዳመጥ ሲሰጥ ለ35 ደቂቃ ያህል አውሮፕላን እንኳ አይነሳም፣ አያርፍም። ይሄን ሁሉ ሲያይ ልጁ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ከሰዋስው በፊት ታዲያ ሂሳቡን ነው የማሳያቸው። የእንግሊዝኛው ጥያቄ 45፣ ሰዓቱ 70 ደቂቃ ነው። 17ቱ የማዳመጥ ጥያቄዎች 25 ደቂቃ ገደማ ይበላሉ፤ መልስ ወረቀት ለማጥቆር 5 ደቂቃ ሲነሳ፣ ለቀሩት 28 የንባብ ጥያቄዎች ለእያንዳንዳቸው አንድ ደቂቃ ተኩል እንኳ አይሞላም። ነጥቡ ከመቶ ነው፤ 90 የደረሰ ሁሉ አንደኛ ደረጃ ያገኛል፣ የጎረቤቱ ውጤት አይጎትተውም። ሦስት ባለ 3 ነጥብ ጥያቄ የሳተ ልጅ 91 አለው። ይህን በጣቱ ሲቆጥር ትከሻው ወረድ ይላል።

የሚያስቸግሩት ከ31 እስከ 34 ያሉት የባዶ ቦታ ጥያቄዎች ናቸው። እዚያ ላይ አምስት ደቂቃ የተቀመጠ ልጅ መጨረሻ ያሉትን ቀላሎቹን ሳያያቸው ሰዓቱ ያልቃል። ሁለት ደቂቃ ካለፈው ገምቶ ያጥቁር፣ ቁጥሩን ያክብብ፣ ይለፍ፤ ለስህተት ነጥብ አይቀነስም። አማራጮቹን አስቀድሞ እንዳያነብም በእጁ ይሸፍናቸው። ባዶው ያለበትን ዓረፍተ ነገር ያንብብና መልሱን በራሱ ቋንቋ በሁለት ሦስት ቃል ይበል፣ ከዚያ ይግለጥ። የተሳሳቱት አማራጮች ብዙ ጊዜ ከንባቡ ውስጥ በተለቀሙ ቃላት ይሠራሉ፤ የፈራ ልጅ ደግሞ ዓይኑ የለመደውን ቃል ነው የሚያነሳው።

ለእርስዎ ልጆች የሚበጀው ግን ሌላ ነው። ኮሪያኛም እንደኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ስለዚህ ልጆቹ እንግሊዝኛውን እስከ ነጥቡ አንብበው ወደ ኋላ እየተመለሱ ይተረጉማሉ፤ ሰዓቱን የሚጨርሰው ይሄ ነው፣ የኛዎቹም ልማድ ይኸው ነው። በእርሳስ እየቆረጡ፣ በመጣበት ቅደም ተከተል ያንብቡት፦ «ገበሬው ሸጠ / በጉን / ያሳደገውን / ለጎረቤቱ»። አማርኛው ይጎረብጣል፣ ይጎርብጥ። ሁለት ሳምንት በቀን አንድ አንቀጽ ብቻ ይሥሩ፤ ሰዓት መያዙ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ቀድሞ ከመጣ ይሸመድዳሉ እንጂ አያነቡም።

ለእያንዳንዱ ስህተት «ቃሉን አላወቅኩም»፣ «ቸኮልኩ» ወይም «ጥያቄውን አላነበብኩም» ብለው ይጻፉ። ቃል ያላወቀ ቃል ይጨምር፤ ለቸኮለ ልጅ ግን ሃምሳ ቃል ማሸምደድ መድኃኒቱን መሳት ነው።

ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ወዲህ የኛዎቹ ልጆች ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ነው የሚፈተኑት፤ አልጋውም ክፍሉም እንግዳ ነው። በሳምንት አንድ ጠዋት ከቤት ውጭ፣ በማያውቁት ወንበር ያስፈትኗቸው። በዋዜማው አዲስ ነገር አያስጠኗቸው። እዚህ ለተፈታኝ ዬት የሚባል የሚጣበቅ ከረሜላ ይሰጣሉ፤ በቋንቋቸው «መጣበቅ» እና «ማለፍ» አንድ ቃል ነውና። የእማማ በሶ ለሆድም ይሻላል።

ልጆቹ የሳቱትን ወረቀት ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ፣ እሁድ አየዋለሁ። ምርቃትዎ አይለየኝ።

ልጅዎ