እንቅልፍና ምግብ ብቻ እየጠየቅን ታካሚውን አንሸኘው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ አእምሮ ሕክምና በጋዜጦች ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው የአልጋ፣ የባለሙያና የመድኃኒት እጥረት ነው። እጥረቱ አለ፤ አንክድም። ዛሬ ማንሣት የፈለግነው ግን በጀት የማይጠይቀውን ጉዳይ ነው፦ የሳይኮሲስ (ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚያሰማ ወይም ከእውነታ የራቀ እምነት የሚያሳድር የአእምሮ ሕመም) ታካሚ ተራው ደርሶ ከገባ በኋላ ከባለሙያው ጋር የሚያደርገውን ንግግር።

ከቡራዩ፣ ከለገጣፎ፣ ከገላን ወይም ከኮዬ ፈጬ ወደ ሆስፒታል ለክትትል የሚመጣ ሰው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ፣ ሁለት ሦስት ታክሲ ቀይሮ፣ ካርድ ክፍል ተሰልፎ የሚያገኘው ቢበዛ አሥር ደቂቃ ነው። ያቺ አሥር ደቂቃ የምታልፈውም እንዲህ ነው። «እንዴት ነህ?» «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» «እንቅልፍ?» «ደህና።» «ምግብ?» «ደህና።» «መድኃኒትህን ትወስዳለህ?» «አዎ።» ማዘዣ፣ ቀጠሮ፣ ቀጣይ።

አንዳንዱ ታካሚ ግን እዚህ መሀል ድንገት «ትናንትም ሲሰድቡኝ አደሩ፤ ለምንድን ነው የማይተዉኝ?» ይላል። የጠየቀው መልስ ፈልጎ ነው። የሚያገኘው «መድኃኒቱን አላቋረጥክም አይደል?» የሚል ሌላ ጥያቄ ነው። ችግሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 ተመራማሪዋ ሮዝሜሪ ማክኬብና ባልደረቦቿ በእንግሊዝ አገር የ32 ታካሚዎችንና የ7 ሐኪሞችን የክትትል ንግግር ቀርጸው ቃል በቃል መርምረው ነበር። ታካሚዎቹ ስለሚሰሙትና ስለሚያምኑት ነገር ለማውራት ደጋግመው ሲሞክሩ፣ ሐኪሞቹ ሲያመነቱ፣ ጥያቄን በጥያቄ ሲመልሱ፣ በተለይ አስታማሚ በተገኘበት ፈገግ ሲሉ ወይም ሲስቁ ተገኙ። ፈገግታው ከክፋት የመጣ አይመስለንም፤ ያፈረ ሰው ፈገግታ ነው። ለታካሚው ግን ያው መሳቂያ መሆን ነው።

ባለሙያው የሚሸሸው ለምንድን ነው? «ስለ ድምፁ ከጠየቅሁት እምነቱን አጠነክርበታለሁ፤ ከጀመረም አያቆምም» ከሚል ስጋት ነው። የሚሆነው ግን ሌላ ነው። መልስ ያላገኘ ታካሚ ወይ ያንኑ ነገር ደጋግሞ ያነሣል፣ ሰዓቱም በዚያው ያልቃል፤ ወይ ደግሞ ዝም ማለትን ይለምዳል። ዝም ያለው የባሰ ያሰጋል። ድምፁ «ራስህን ግደል» ወይም «ጎረቤትህን ምታው» እያለው እንደሆነ ማን ያውቃል?

ስለዚህ መመለስ ነው። «እንዲህ የሚባል ነገር የለም፣ ሕመሙ ነው» ማለት በሩን ይዘጋዋል፤ «አዎ፣ ልክ ነህ» ማለትም ውሸት ነው። የሚያዋጣው እንዲህ ያለው ነው፦ «ድምፁ ለእኔ አይሰማኝም፤ አንተ እንደምትሰማው ግን አምንሃለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ስድብ እየሰሙ ማደር ያሰቃያል።» ከዚያ በቀጥታ፦ ምን ይሉሃል? ይህን አድርግ ብለው ያዙሃል? ታዝዘህስ ታውቃለህ? መሞትን የምትመኝበት ጊዜ አለ? ራስን ስለማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ እስከ ዛሬ የሚጠይቀው አጥቶ ብቻውን የተሸከመው ሊሆን ይችላል። ይህ ሁሉ ከሦስት ደቂቃ አያልፍም።

«መተት ተደርጎብኝ ነው» ወይም «ዛር ነው» ሲልም ክርክር አያስፈልግም። ብዙ ቤተሰብ የሚያምነውን ነገር ታካሚው ስላመነ ብቻ የሕመም ምልክት አይደረግበትም፤ የሰፈሩ ሰው «ይህስ ከልክ አለፈ» የሚለው የቱ ጋ ሲደርስ እንደሆነ ዘመድን መጠየቅ ይሻላል። ጠበልንም ከመድኃኒት ጋር እያፎካከሩ «ምረጥ» ማለት ታካሚውን ማጣት ነው። ይልቅ «እዚያ ስትሆን መድኃኒቱን አቁም ያለህ ሰው አለ? ስንት ሰዓት ላይ ትጠመቃለህ? እስከ ስንት ሰዓትስ ትጾማለህ?» ብሎ ጠይቆ፣ ማታ የሚወሰድ መጠን ማዘዝ ይቻል እንደሆነ ማየት ነው። ሊቲየም (የስሜት መዋዠቅን የሚያረጋጋ መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ከሆነ ደግሞ ውኃም ሳይጠጣ መጾሙን ሳይጠይቁ መሸኘት አደጋ አለው፤ ሰውነት ውኃ ሲያጣ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ይከማቻል።

ንግግር ሲጓደል ትልቁ ጉዳት የሚመጣው በመድኃኒቱ ጎንዮሽ ጉዳት ላይ ነው። «መድኃኒቱ ተስማምቶሃል?» የሚለው ጥያቄ የትም አያደርስም፤ እያንዳንዱን በስሙ መጥራት ይገባል። ሃሎፐሪዶል ወይም ፍሉፌናዚን የተባለው የሳይኮሲስ መድኃኒት ከተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ በተለይ በወጣት ወንዶች ላይ፣ አንገት ወደ ጎን ሊጠማዘዝ፣ ዓይን ወደ ላይ ተሰቅሎ ሊቀር፣ ምላስ ሊተሳሰር ይችላል። አስቀድሞ ያልተነገረው ቤተሰብ «ጋኔኑ ተነሣበት» ብሎ መድኃኒቱን ይጥላል። «እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ ያስደነግጣል፤ በቶሎ ከመጣችሁ የሚያስታግስ መድኃኒት አለው» ማለት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ከዚህ የሚከፋው አካቲዢያ የሚባለው፣ መድኃኒቱ ራሱ የሚያመጣው መቅበጥበጥ ነው። ታካሚው «እግሬ አላስቀምጥ አለኝ፣ ውስጤ ይቅበጠበጣል» ይላል። ወንበር ላይ እግሩን ያነሣል ያስቀምጣል፣ ይነሣል፣ እዚያው ቆሞ ይረግጣል። ችኩል ዓይን ይህን «ሕመሙ ብሶበታል» ብሎ ያነብና መጠኑን ይጨምራል። መጠኑ ሲጨምር መቅበጥበጡ ይብሳል፤ እንደገና ይጨመርለታል። የሚለየው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ይህ ስሜት መድኃኒቱ ከመጀመሩ ወይም ከመጨመሩ በፊት ነበረ?» አልነበረም ካለ፣ መጠን መቀነስ፣ መድኃኒት መቀየር ወይም ፕሮፕራኖሎል መጨመር ይታሰባል። ለጎንዮሽ ጉዳት በልማድ የሚታዘዘው አርቴን የተባለው መድኃኒት ለዚህኛው ብዙም አይረዳም።

ሰው ፊት የማይነገርም አለ። ወጣቱ ስንፈተ ወሲብ እንደገጠመው እናቱ አጠገብ ተቀምጣ አያወራም፤ ዝም ብሎ መድኃኒቱን ይተዋል። ሪስፐሪዶን ወይም ሃሎፐሪዶል የምትወስድ ሴት የወር አበባዋ ሊቀር፣ ከጡቷም ወተት ሊወጣ ይችላል። አረገዝሁ ብላ ትጨነቃለች፤ አንዳንዱ ቤተሰብም በሌላ ይጠረጥራታል። ይህ የሚጠየቀው ለብቻ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ እንመክራለን፤ መጀመሪያ ታካሚው ብቻውን፣ ከዚያ አስታማሚው እሱ ባለበት። አሁን የሚደረገው በተቃራኒው ነው። እናት ቀድማ ትገባና በሹክሹክታ «እኔ እንደነገርኩህ እንዳትነግረው፣ ሌሊት ይወጣል» ትላለች። ሰዎች ተማከሩብኝ ብሎ የሚጠረጥረው ልጅ ይህን በተከፈተው በር ያያል። ለእናት መልሱ «አብረን ገብተን እናንሣው፤ እኔ ራሴ እጠይቀዋለሁ» ነው። የሚደበድባት ወይም የሚያስፈራራት ከሆነ ብቻ ለብቻዋ ትደመጥ። አንድ ነገር እግረ መንገዳችንን፦ የ50 ዓመቱን ታካሚ «አንተ»፣ ይዞት የመጣውን ወንድሙን «እርስዎ» እያልን አክብሮት አስተምረናል ማለት አንችልም።

በከተማው ዳርቻ አማርኛ የማይቀናቸው፣ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ የሆኑ ታካሚዎች ብዙ ናቸው። አስተርጓሚ የሚሆነው ያኔ በአቅራቢያ የተገኘ ሰው ነው፤ ጥበቃ ወይም ጽዳት። እሱም ታካሚው ሁለት ደቂቃ የተናገረውን «ዝም ብሎ ይቀባጥራል» ብሎ ያሳጥረዋል። ንግግሩ መያያዙና አለመያያዙ ራሱ የምርመራው አካል ስለሆነ፣ ትርጉም ባይሰጥም ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እንዲነግረን አስቀድሞ ማስረዳት ያስፈልጋል። ጎረቤት አያስተርጉም፤ ነገ ሰፈር ውስጥ ይወራል።

መድኃኒት ስለመዝለል፦ «በደንብ ትወስዳለህ?» ለሚለው መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። «ብዙ ሰው አንዳንድ ቀን ያመልጠዋል፤ ባለፈው ሳምንት አንተን ስንት ቀን አመለጠህ?» ቢባል ቁጥር ይመጣል። ቀጥሎ ለምን? ብር አልነበረም፣ ፋርማሲው የለም አለ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ለቀን ሥራ ስወጣ ያደነዝዘኛል። ሁሉም የየራሱ መፍትሔ አለው፤ ቁጣ ግን የአንዱም መፍትሔ አይሆንም። አስቀድሞ መነገር ያለበትም አለ። መድኃኒት ያቆመ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድብታው ለቆት ይነቃቃል፤ ሕመሙ የሚመለሰው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነው። የወር መርፌ ያቋረጠ ሰው ላይ ደግሞ መድኃኒቱ ከሰውነት ቀስ ብሎ ስለሚወጣ የበለጠ ይዘገያል። በዚህ የተነሣ «ስተወው ተሻለኝ» የሚለው ሰው አልዋሸም፤ ያየውን ነው የተናገረው።

ከመሸኘት በፊት «ገባህ?» ማለት ይቅር። «ቤት ስትደርስ አወሳሰዱን ለእህትህ እንዴት ብለህ ትነግራታለህ?» ይባል። ባለ 2 ሚሊግራም ሪስፐሪዶን ጠፍቶ ባለ 1 ሚሊግራም የተሰጠው ሰው እንደ ልማዱ አንድ ፍሬ ሲውጥ የሚወስደው ግማሹን እንደሆነ የሚታወቀው እንዲህ ሲጠየቅ ነው። በካርዱ ላይም «ስቴብል» (የተረጋጋ) ብቻ ከመጻፍ፣ የታካሚውን አንድ ዓረፍተ ነገር በራሱ ቃል ማስፈር፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሌላ ባለሙያ ቢቀመጥም ከዚያ ይጀምራል።

ይህ በሥልጠና የሚመጣ ነገር ነው። ያው የማክኬብ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተመው፣ 21 ሐኪሞችና 97 ታካሚዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ የሠለጠኑት ሐኪሞች የሚናገሩት እንዲገባ የራሳቸውን አነጋገር እዚያው የማረም ልማዳቸው አድጎ፣ ግንኙነቱንም ሐኪሞቹም ታካሚዎቹም የተሻለ ብለውታል።

ለጤና ቢሮ አንድ ጥያቄ አለን። ለክትትል ድጋፍ የሚመጡ ባለሙያዎች መዝገብ ይቆጥራሉ፣ የመድኃኒት ክምችት ያያሉ። በዚያው ቀን ከክፍሉ የወጡ አምስት ታካሚዎችን በር ላይ አስቁመው «ዛሬ ምን ነገርካቸው? እነሱስ ምን አሉህ?» ብለው ይጠይቁልን፤ መልሱም እንደ ሌላው ቁጥር ሁሉ በሪፖርቱ ይግባ።

በአዲስ አበባ ዳርቻ የምንሠራ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች