ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት የያዘው ሕፃን ሽንቱ ይታይለት

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በሰሜን ሸዋ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ። ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን አተኩሶት ሲመጣ ከእናቱ የምሰማው ምክንያት ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፤ ጥርስ ሊያወጣ ነው፣ ብርድ መትቶት ነው፣ አለዚያም ምች ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናትና በብርዱ ማመካኘት አያስወቅስም፤ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ሲወረድ ደግሞ ትኩሳት ሁሉ ወባ ይመስላል። ደሙ ታይቶ ወባ ከሌለበት ሕፃኑ ሽሮፕ ይታዘዝለትና ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ሽንቱ ግን ሳይታይ ይቀራል።

በሌሎች አገሮች የተካሄዱ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ አተኩሷቸው ከሚመረመሩ 100 ሕፃናት መካከል 7 ያህሉ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይገኝባቸዋል። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ «ስሸና ያቃጥለኛል» ብሎ አይናገርም፤ ያተኩሰዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ጡት አልይዝም ይላል፣ ይነጫነጫል፤ በቃ ይኸው ነው። ወንዶቹ በስምንተኛ ቀናቸው መገረዛቸው ሕመሙን ይቀንሰዋል እንጂ ፈጽሞ አያስቀረውም፤ ሴቶቹ ደግሞ ይበልጥ ይጠቃሉ። ሕክምናው ከዘገየ ኢንፌክሽኑ ኩላሊት ላይ ጠባሳ ሊጥል፣ ሲያድጉም ለደም ግፊት ሊዳርጋቸው ይችላል።

ይህን የምጽፈው የራሴን ስህተት ሳልደብቅ ነው። አንድ ጊዜ የ9 ወር ሕፃን ሽንት በዲፕስቲክ (ሽንት ውስጥ ተነክሮ ቀለሙን በሚቀይር የመመርመሪያ ቁራጭ) መርምሬ፣ ባክቴሪያ ሽንት ውስጥ የሚፈጥረውን ናይትራይት የሚያሳየው ክፍል ቀለም ባለመቀየሩ ብቻ ነፃ ነው ብዬ ጻፍኩ። በአራተኛው ቀን እናቱ ትኩሳቱ ብሶበት አዝላው ተመለሰች፤ ሽንቱን በማይክሮስኮፕ ሳየው የኢንፌክሽን ምልክት በሆኑት ነጭ የደም ሴሎች ተሞልቶ ነበር። ናይትራይት እንዲታይ ሽንቱ ፊኛ ውስጥ አራት ሰዓት ያህል መቆየት አለበት፤ ሕፃን ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይሸናል። ከዚያ ወዲህ በዲፕስቲኩ ላይ የነጭ ደም ሴሉን ምልክት ሳላይና ማይክሮስኮፑን ሳልጠቀም የሕፃን ሽንት ነፃ ነው ብዬ አልጽፍም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው አወሳሰዱ ነው። ከጨርቅ የተጨመቀ ወይም ከፖፖ የተገለበጠ ሽንት ከቆዳና ከሰገራ የመጣ ባክቴሪያ ስለሚቀላቀልበት፣ ያልታመመው ልጅ አንቲባዮቲክ እንዲወስድ ያደርጋል። በአውስትራሊያ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ግን ለእኛም የሚሆን ዘዴ አሳይቷል፤ ሕፃኑ ከታጠበ በኋላ ከእምብርቱ በታች በቀዝቃዛ ፈሳሽ በራሰ ጎዝ በቀስታ ሲታሽ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሸኑት 31 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልታሹት መካከል ግን 12 በመቶ ብቻ ነበሩ። እኔም ስሞክረው እናቲቱ ልጇን ታቅፋ ትቀመጣለች፣ እኔ አሻለሁ፣ አንድ ሰው ደግሞ ንጹሕ ኩባያ ይዞ ይጠብቃል፤ የመጀመሪያው ጠብታ ከፈሰሰ በኋላ ያለውን እንቀበላለን። በዚህም እንቢ ካለና ልጁ በጣም ከታመመ በቀጭን ቱቦ የሚወስድለት ባለሙያ ያስፈልጋል።

ጤነኛ ሕፃናት ሁሉ ይመርመሩ ማለቴ ግን አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እንኳ ለጤነኛ ልጆች በመደበኛነት ይደረግ የነበረውን የሽንት ምርመራ እ.ኤ.አ. በ2007 ከመርሐ ግብሩ አውጥቶታል። ምልክት የሌለውን ልጅ በሽንቱ ባክቴሪያ ተገኘ ብሎ ማከም ባክቴሪያውን ከመድኃኒቱ ጋር ከማላመድ በቀር የሚሰጠው ጥቅም እምብዛም ነው።

የዞኑ ጤና መምሪያ የሽንት ኩባያና ዲፕስቲክ ለሕፃናት ክፍል ለብቻው ቢመድብ፣ ትኩሳቱ ምክንያት ላልተገኘለት ሕፃን ሁሉ የሽንት ምርመራ እንዲታዘዝ ቢያሳስብ መልካም ነው። እናቶችም ልጃችሁ ሳል ወይም ተቅማጥ ሳይኖረው ትኩሳቱ ሁለት ቀን ከቆየ፣ «ሽንቱም ይታይልኝ» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሦስት ወር ያልሞላው ከሆነ ግን አንድም ቀን ሳታሳድሩ አምጡት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ
ሰሜን ሸዋ